ሾላው ከግብፅ አልመጣም

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስማቸውን ባይገልጹም ብዙ ያነበቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የዓለም ሕዝቦች የሚያከብሯቸው ዛፎች፣ የሚፈሯቸው ወይም የሚያመልኳቸው እባቦች፣ በድንጋይና በጨርቅ ላይ የሚያሰፍሯቸው ቅርጾች፣ የጥፋት ውኃ ትረካዎችና የቡዳ ፍርሃት ሁሉ ከአንድ ምንጭ፣ ይኸውም ከጥንታዊት ግብፅ፣ የፈለቁ ናቸው፤ ሌላው ሕዝብ ቅርፊቱን ተቀብሎ ትርጉሙን ረስቷል፤ የኦሮሞ ኦዳም ሆነ የቡናችን ሦስት ስኒ የዚህ የተረሳ ምሥጢር ቁርጥራጮች ናቸው።

ጽሑፉ በወጣቶቻችን ዘንድ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። ከደጃፋችን ያለው ዛፍና ከጓዳችን ያለው ጀበና ፒራሚድ ከገነቡት ነገሥታት ጋር ዝምድና እንዳላቸው መስማት ያስደስታል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ አክብሮት አያቶቻችን ራሳቸው አስበው፣ ራሳቸው ተከራክረው ያቆሙትን ነገር ከእጃቸው ነጥቆ ለሌላ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለኝም። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን አንድ በአንድ እመለከታለሁ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ በሌሎቹ ላይ ግን ብዙ የሚባል ነገር ስለሌለ ቶሎ አልፋለሁ።

የመጀመሪያው የኦዳ ነገር ነው። ጸሐፊው «ኦዳ የግብፃውያን ቅዱስ ሾላ ነው፤ ዛፉም እምነቱም ዓባይን ሽቅብ ተከትለው ወደ እኛ መጡ» ይላሉ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዱ ክፍል ትክክል ነው። በአማርኛ ሾላ፣ በአፋን ኦሮሞ ኦዳ የምንለው ዛፍና የጥንት ግብፃውያን ያከብሩት የነበረው ዛፍ በእርግጥ አንድ ዝርያ ናቸው። ግብፃውያን ሐቶር የተባለችውን አምላካቸውን «የሾላዋ እመቤት» ይሏት ነበር። በዴይር ኤል መዲና በሚገኘው የሰነጅም መቃብር ግድግዳ ላይ አንዲት አምላክ ከዛፉ ግንድ ውስጥ ብቅ ብላ ለሟቹና ለሚስቱ ምግብና መጠጥ ስታቀርብ ተሥላለች። በንጉሥ ቱትሞስ ሣልሳዊ መቃብር ውስጥ ደግሞ ዛፍ ራሱ ጡት አውጥቶ ንጉሡን ሲያጠባ ይታያል። ጸሐፊው እነዚህን ሥዕሎች መጥቀሳቸው መልካም ነው፤ እኔም ፎቶዎቻቸውን ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ።

ነገር ግን ዛፉ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚመሰክር ከሥዕል የበለጠ ማስረጃ በፍሬው ውስጥ አለ። በጅማ ዙሪያ ያደገ ሰው የሾላ ፍሬ ያውቃል። ፍሬው እንደ ሌላው ዛፍ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ሳይሆን በወፍራሙ ቅርንጫፍና በግንዱ ላይ ሳይቀር ዘለላ ሆኖ የሚለጠፍ ነው። ልጆች ሳለን የበሰለውን ለቅመን በአውራ ጣታችን ስንፈለቅቀው፣ ከውስጡ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጡ ጥቋቁር ነፍሳት ይወጡ ነበር፤ እፍ ብለን አራግፈን እንበላለን። ያን ጊዜ ትል እንጂ ሌላ አይመስለንም ነበር። እነዚያ ነፍሳት ግን የዛፉ አገልጋዮች ናቸው። የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ በፍሬው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ያብባል። ወደዚያ በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ገብታ አበባውን ከሌላ ዛፍ ባመጣችው ዱቄት የምታዳቅል አንዲት የጥቃቅን ተርቦች ዝርያ አለች፤ እሷ ከሌለች ሾላ ፍሬ ቢያንዠረግግም የሚበቅል ዘር አይኖረውም።

ይህች ተርብ በእኛ በኩል ባለው የአፍሪካ ክፍል ትኖራለች፤ በግብፅ ግን የለችም። በግብፅ ያለው ሾላ በዘሩ ራሱን አይተካም፤ የሰው እጅ ቅርንጫፉን ቆርጦ ካልተከለው በቀር አይራባም። ከዚህም የተነሣ ግብፃውያን ፍሬው እንዲበስልላቸው አንድ ብልሃት ፈጥረው ነበር፤ ገና ጥሬ ሳለ በስለት ይሰነጥቁታል፣ ተሰንጥቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብጦ ይበስላል። የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሲገልጽ፣ የግብፅ ሾላ በብረት ካልተጫረ እንደማይበስልና ከተጫረ በአራተኛው ቀን እንደሚደርስ ጽፏል። ነቢዩ አሞጽ ከመጠራቱ በፊት የሾላ ሠራተኛ እንደነበረ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በተመሳሳይ ሙያ እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ታዲያ ያለ ሰው እጅ ዘሩን መተካት የማይችልበት አገር የዛፉ መነሻ፣ ከነተርቡ የሚኖርበት አገር ደግሞ መድረሻ እንዴት ሊሆን ይችላል? ሾላ ወደ ግብፅ የወረደ እንጂ ከግብፅ ወደ እኛ የወጣ ዛፍ አይደለም።

እዚህ ላይ የጸሐፊውን ስሕተት ገልብጬ እንዳልደግመው መጠንቀቅ አለብኝ። ዛፉ ከደቡብ ስለሄደ እምነቱም ከእኛ ሄደ ማለት አይቻልም። ሁለቱ ሕዝቦች በዛፉ ሥር ምን ያደርጉ እንደነበር ብቻ እንመልከት። ግብፃዊው ሾላውን የሚሥለው በመቃብር ውስጥ ነው፤ ዛፉ የሚመግበው ሙታንን ነው፤ ከእንጨቱም የሬሣ ሣጥን ይሠራበት ነበር። በኦዳ ሥር ግን የሚቀመጡት ሕያዋን ናቸው። ኦዳ የገዳ ጉባኤ የሚካሄድበት፣ ሕግ የሚታወጅበት፣ ሥልጣን በጊዜው ከአንዱ ለሌላው የሚተላለፍበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሥፍራ ነው። ከስመ ጥሮቹ የገዳ ማዕከላት መካከል ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ቢሲል፣ ኦዳ ቡልቱምና ኦዳ ሮባ ይገኛሉ፤ በእኛው በጅማ ዞን ደግሞ በኦሞ ናዳ የሚገኘው ኦዳ ሁሌ አለ። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሙታን ምግብ ስለሆነ አይደለም፤ ሰዎች ራሳቸውን በተራ የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ስለሆነ ነው። አንዱ ዛፍ በአንዱ አገር የነፍስ ቀለብ ሰጪ፣ በሌላው የምክር ቤት ጣራ ሆኗል። ዛፉ አንድ ነው፣ ሐሳቡ ግን ሁለት ነው።

ጸሐፊው «ታዲያ ለምን በየአገሩ ይኸው የሾላና የዋርካ ወገን ይከበራል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በህንድ ቡድሃ የነቃው በቦዲ ዛፍ ሥር ነው ይባላል፤ ከእርሱ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ288 ዓመት በስሪላንካ አኑራዳፑራ እንደተተከለ የሚነገርለት ዛፍ እስከ ዛሬ ይጠበቃል። በኬንያ ኪኩዩዎች ሙጉሞ የተባለውን ዛፍ ያከብራሉ። እነዚህ ሁሉ የአንድ ወገን፣ ግን የተለያዩ ዝርያ ዛፎች ናቸው። ለዚህ ግብፅን መጥራት አያስፈልግም፤ ዛፉን ማየት ይበቃል። ጥላው መንደር ያስጠልላል፤ ሌላው ዛፍ ባዶውን በሚቆምበት ወራት ፍሬ ይዞ ይገኛል፤ ግንዱ ቢጫር እንደ ወተት ያለ ነጭ ደም ይፈስሰዋል። ይህን ያየ ሕዝብ በየአገሩ «ይህ ዛፍ እናት ነው» ወይም «ይህ ዛፍ ሸንጎ ነው» ለማለት ከሌላ ሕዝብ ትምህርት መቀበል የለበትም።

ሁለተኛው ነጥብ እባብ ነው። ጸሐፊው እባብ በሁሉም ዘንድ «የተሠወረ ጥበብ» ምልክት እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ አባባል ከግብፅ ራሷ ዘንድ እንኳ አያልፍም። ዋጄት የተባለችው እባብ በፈርዖን ግንባር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ አፔፕ የተባለው እባብ ግን ሌሊት ሌሊት የፀሐይን ጀልባ ሊውጥ የሚያደባ ጠላት ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ጥላ ሥር ሁለት ተቃራኒ እባቦች ነበሩ ማለት ነው። በእኛ አገር ትረካ አርዌ የተባለው እባብ ሕዝቡን በግብር የሚያስጨንቅ ገዥ ነው፤ የተከበረው እባቡ ሳይሆን የገደለው ሰው ነው። በቤኒን፣ በዊዳ ከተማ፣ ዘንዶ በቤተ መቅደስ ውስጥ ተከብሮ ይኖራል፤ መንገድ ላይ የተገኘም እንደሆነ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ አይገደልም። በኦሪት ዘኍልቍ ሙሴ የናሱን እባብ የሰቀለው ሕዝቡ አይቶት እንዲድን ነበር፤ በመጽሐፈ ነገሥት ግን ያንኑ እባብ ሕዝቡ ሲያጥንለት ቢገኝ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። አንድ የናስ ዕቃ፣ በአንድ ሕዝብ መካከል፣ አንድ ጊዜ መዳኛ፣ ሌላ ጊዜ ጣዖት ሆነ። ምልክት ትርጉሙን በሆዱ ይዞ የሚዞር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ሦስተኛው የላሊበላ ነገር አጭር ነው። በቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ ስዋስቲካ የሚባለው ጫፉ የታጠፈ መስቀል ይታያልና ቤተ ክርስቲያኑን የጠረቡት ግብፅን አልፈው የመጡ ህንዶች መሆን አለባቸው ይላሉ። ይህ ቅርጽ በዩክሬን መዚን በተባለ ሥፍራ፣ ከ10,000 ዓመት በላይ ባስቆጠረ የማሞዝ (ዘሩ የጠፋ ዝሆን መሰል እንስሳ) ጥርስ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ ግሪኮች በሸክላቸው፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ናቫሆዎችም በሽመናቸው ሠርተውታል። ድርና ማግ በቀጥታ መስመር በሚተላለፉበት ማንኛውም ሥራ ላይ መስቀል መሥራት የጀመረ እጅ ጫፉን ማጠፉ አይቀርም። የጥበብ ጠርዝ የሚሠሩትን ሸማኔዎቻችንን ቆሞ ያየ ሰው ይህን በአምስት ደቂቃ ይረዳል። በአንድ መስኮት ቅርጽ ምክንያት ያን ሁሉ ዐለት የፈለፈሉትን የአገር ጠራቢዎች ስም መንሣት ከባድ በደል ነው።

ስለ ጥፋት ውኃ የጻፉትንም እንዲሁ በአጭሩ ልመልስ። የጥፋት ውኃ ትረካ ሁሉ ከግብፅ ወጣ ብለዋል፤ ነገር ግን ዓለምን ያጠፋ የጎርፍ ታሪክ ጎልቶ የማይገኝባት አገር ብትኖር ግብፅ ናት። የዓባይ ሙላት ለግብፃዊው ዓመቱ የሚጀምርበት በረከት እንጂ ቁጣ አልነበረም። ጎርፉ አጥፊ ሆኖ የሚተረከው ጤግሮስና ኤፍራጥስ በሚገነፍሉበት በመስጴጦምያ ነው፤ በጊልጋመሽ ታሪክ 11ኛ ጽላት ላይ ሰፍሮ ይገኛል።

ይህን ስል ታሪክና ምልክት ከአገር አገር አይጓዙም እያልኩ አይደለም። ይጓዛሉ፤ ሲጓዙም ዱካቸው ይታያል። ለዚህ ከእኛው ቤተ መጻሕፍት የተሻለ ምስክር የለም። በግዕዝ «በረላምና የዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለ፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነኮሰ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። ይህ ታሪክ በመነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው። ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ አገር በኩል ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ጆርጅያ ቋንቋ፣ ከዚያም ወደ ግሪክኛ አልፏል፤ ቦዲሳትቫ የሚለው የማዕረግ ስምም ቡዳሳፍ፣ ዩዳሳፍ፣ ዮአሳፍ እያለ ሲለወጥ በየቋንቋው የእጅ ጽሑፎች ላይ ደረጃ በደረጃ ይታያል። እንግዲህ መዋስ ሲኖር ማስረጃው ይህን ይመስላል፦ የተርጓሚ ስም፣ ዓመት፣ ቋንቋ፣ በአቧራማ ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል ሳይቀር። ጸሐፊው ለኦዳ፣ ለእባቡና ለመስኮቱ ከዚህ አንዱንም አላቀረቡም፤ ያቀረቡት «ይመሳሰላሉ» የሚለውን ብቻ ነው።

አራተኛው ነጥብ የቡናችን ነገር ነው፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ሳይሆን አይቀርም፤ ጅማ ተወልዶ ቡና ሲነካ ዝም የሚል የለምና። ጸሐፊው «አቦል፣ ቶና፣ በረካ የግብፅ አማልክት የሆኑትን ኦሲሪስን፣ ኢሲስንና ሆረስን የሚወክሉ የ3,000 ዓመት ሥርዓት ናቸው፤ ካልዲ የተባለው እረኛም የዚህ ምሥጢር ጠባቂ ነበር» ይላሉ።

ከካልዲ ልጀምር። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ ያየው እረኛ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ በታተመ ማሮናዊው (ከሊባኖስ ክርስቲያኖች ወገን የሆነው) ሊቅ ናይሮን በጻፈው የላቲን መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ላይ እረኛው ስም እንኳ የለውም። ካልዲ የሚለው ስም የተለጠፈለት ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል፤ እኔም ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ፤ ግን የጥንት ምሥጢር ምስክር አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ቡና ተፈልቶ ስለመጠጣቱ አስተማማኝ ሆኖ የሚታወቀው የመጀመሪያ ማስረጃ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን ሱፊዎች ዘንድ የነበረው ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1511 በመካ ሊከለከል የተሞከረውም ይኸው መጠጥ ነው። ዛፉ የእኛ ጫካ ዛፍ መሆኑ አያከራክርም። የኦሮሞ ሕዝብም ከመፍላቱ ሌላ ለቡና የራሱ አክብሮት አለው። በጉጂና በቦረና ቡና ቀላ የሚባለው ሥርዓት ጫፉ በጥርስ የተነከሰ ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ፣ ምርቃት ተደርጎበት የሚቀርብበት ነው፤ ቀላ ማለትም ማረድ ማለት ነው። ቡናን ያህል ነገር እንደ መሥዋዕት ያየ ሐሳብ ባለቤት አለው። ለምን ለኦሲሪስ ይሰጣል?

ወደ ሦስቱ ስኒ ስንመጣ፣ ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በረካ በግልጽ የዐረብኛው የበረከት ቃል ነው፤ አቦልንና ቶናንም ብዙዎች አንደኛና ሁለተኛ ከሚሉት የዐረብኛ ቃላት ጋር ያገናኟቸዋል። በሰሜኑ የክርስቲያን ቤት ደግሞ ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ተብሎ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ይነቀፍ ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ እየላላ የመጣው። የ3,000 ዓመት ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ካህናቱ የሚነቅፉት አዲስ ነገር አይሆንም ነበር።

ነገሩን ግን ከቃላት ይልቅ ጀበናው ያስረዳል። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዴ (እናት) ጠርተውን ሄድን። ቡናውን ቆልተው፣ ጭሱን በየተራ ወደየፊታችን አዙረው፣ በሙቀጫ ወቅጠው ጀበናው ውስጥ ጨመሩ። አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ዱቄቱን አልደፉትም፤ በላዩ ውኃ ጨምረው እንደገና እሳት ላይ ጣዱት፤ ቶናው ቀጠነ፤ ሦስተኛ ውኃ ሲጨመርበት በረካው ቀለሙ ሻይ መስሎ ወጣ። «አራተኛ ለምን የለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ውኃ ነው» አሉኝ፣ ጀበናውን እያጋደሉ። ያ አንድ እፍኝ ቡና ሦስት ጊዜ ጣዕም ይሰጣል፣ አራተኛ ጊዜ አይሰጥም። በዚያ ላይ ሰዎች ምርቃት አከሉበት፣ ሦስተኛውን የበረከት አሉት፣ ሳይጠጣ የሚሄደውን «በረካውን ሳትጠጣ?» ብለው ያዙት። ቅዱስነቱ ያለው በዚህ በመያዝ ውስጥ ይመስለኛል፤ ከሌላ አገር አማልክት ስም ብናመጣለት የሚጨመርለት ነገር የለም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ቡዳ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ከመጻሕፍት ወጥቶ ሰው ላይ ስለሚያርፍ ዘለግ አድርጌ እጽፋለሁ። ጸሐፊው «የዓለም ሕዝቦች ሁሉ በክፉ ዓይን ያምናሉ፤ ሁሉ ያመነው ነገር ደግሞ ሐሰት ሊሆን አይችልም» ይላሉ። ሁሉ አያምንም። ጆን ሮበርትስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጥናት ከየዓለሙ ክፍል የተመረጡ 186 ማኅበረሰቦችን መርምሮ ይህን እምነት ያገኘው በ67ቱ ብቻ ነው፤ ከመቶ 36 መሆኑ ነው። እምነቱ ተሰብስቦ የሚገኘውም በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በደቡብ እስያ፣ በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ወደ ላቲን አሜሪካ የሄደው ከስፔናውያን ጋር ነው። እንግዲህ ጸሐፊው መዋስን በማይታይበት ቦታ ሁሉ ሲፈልጉ ቆይተው፣ መዋስ በእርግጥ የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «የሁሉ እውነት» ብለው አለፉት።

በዚህ ሁሉ ሥር ዓይን አንዳች ነገር ወደ ውጭ ይረጫል የሚል አሮጌ ሐሳብ አለ። እነ አፍላጦንና ኤውክሊድስም እንዲህ ያስቡ ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ይኖር የነበረው ሊቅ ኢብን አል-ሀይሠም ግን የምናየው ብርሃን ከነገሩ ወደ ዓይን ስለሚገባ እንጂ ከዓይን ስለሚወጣ እንዳልሆነ አስረዳ። ዓይን ተቀባይ ነው፤ የሚወረውረው ነገር የለውም።

ጸሐፊው የዘለሉት ዋናው ጉዳይ ግን በአገራችን ይህ ፍርሃት በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። በቱርክ ሰማያዊ ዶቃ የሚያንጠለጥል ሰው የሚፈራው ማንኛውንም ቀናተኛ ዓይን ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቡዳ የሚለው ቃል በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ቤት ላይ ተለጥፎ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በእኛ አካባቢም ቱምቱ የሚባሉት ቀጥቃጮች ይህን ስም ለትውልዶች ተሸክመው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት መስደብን የከለከሉት ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑን አይተው ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ ጀበና ልገዛ ሄጄ ነበር። ሸክላ ከሚሸጡት መካከል አንዲት አረጋዊት ሴት ዕቃቸውን በሣር ላይ ደርድረዋል። ከእኔ ቀድማ የቆመች ወጣት እናት ልጇን አዝላ ዋጋ ትከራከራለች። ሴትዮዋ ቀና ብለው ሕፃኑን ሊያዩ ሲሉ እናትየዋ ፈጥና ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ጣለች። ሴትዮዋ አዩ፤ ምንም አልተናገሩም፤ ወደ ጀበናው ተመልሰው አንገቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ስንጥቅ እንደሌለበት ድምፁን አሰሟት። እናትየዋ ከፍላ ወሰደችው። ያን ጀበና በዚያው ቀን ጥዳበታለች፤ ያ ሕፃን ከነነጠላው አጠገቡ ተቀምጧል። ጸሐፊው «ሁሉ ያመነው ሐሰት አይሆንም» ብለው ሲጽፉ በዚያ ጨርቅ መወርወር ላይ ማኅተም ማድረጋቸው እንደሆነ ያሰቡ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይህን አንድ አንቀጽ እንዲያርሙት በአክብሮት እለምናቸዋለሁ።

ጽሑፋቸው የሚዘጋው «ሽማግሌዎቻችን ትርጉሙን ረስተዋል፣ ልንነግራቸው ይገባል» በሚል ቃል ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ከተቀመጡ አዛውንት ዘንድ ሄጄ፣ «አባ፣ ይህ ዛፍ ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ግራ አጋባቸው። ትንሽ ቆይተው ተነሡና በከዘራቸው መሬቱን እያመለከቱ አሳዩኝ፦ ከሳሽ በዚህ በኩል፣ ተከሳሽ በዚያ፣ ሽማግሌዎቹ ግንዱን ተደግፈው፤ ታናሹ አስቀድሞ ይናገራል፣ ታላቁ መጨረሻ ላይ። በምዕራብ በኩል ያለው ትልቁ ቅርንጫፍ ለመንገድ ሥራ ከተቆረጠ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ሸንጎው በጠዋት እንዲሆን መደረጉንም ነገሩኝ።